የሰማንያ ዓመት ልጅ ለነበረቻት

እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እህቶቼና ወንድሞቼ፤ ጓደኛዬን ለመሸኘት እዚህ ድረስ የደከማችሁ ሁሉ፤ ቆማችሁ ስለምትሰሙኝ ክፉ አይንካችሁ።

እኔ የሥራ ባልደረባዋ ነኝ። ሁለታችንም አንዲት አሮጊት እናት ነበር የምናስታምመው፤ በገዛ ቤታቸው። እሷ ከጠዋት እስከ ቀትር፣ እኔ ከቀትር እስከ ማታ። ወጥ ቤት ውስጥ እሷ ሽርጧን ስትፈታ እኔ የኔን እያሰርኩ፣ «ዛሬ እንዴት ዋሉ?» ተባብለን እንለያያለን። ባለፈው ሳምንት አመም አደረጋት። ትነሣለች ስንል ልቧ ከዳት።

እነዚያ እናት፣ እኛ «እማማ» የምንላቸው፣ አሁን ቤታቸው ናቸው። መስኮቱ ሥር ተቀምጠው እየተጣሩ ነው። ማንን? እሷን። ምን ብለው? «እማዬ» ብለው። አልነገርናቸውም። ምን ብለን እንንገራቸው?

እኛ «ቀስ በሉ» ነበር የምንላት። ሰው ስታነሣ ቀስ በሉ፤ ስታጎርስ ቀስ በሉ፤ ሐኪሙ መርፌ ይዞ ሲገባ እንኳ ቀስ በሉ። ራሷ ግን ቀስ ማለት መች ታውቃለች? ስታወራ ጎረቤት ይሰማል፤ ስትዘፍን ጎረቤት መስኮቱን ይዘጋል። ደግ ነበረች እንድላችሁ ትጠብቃላችሁ። ደግ ነበረች። ነገረኛም ነበረች፤ ሞተች ብዬ አልዋሽላትም። የሻይ ማንኪያ ያለቦታው ካስቀመጥኩ ሳምንቱን ሙሉ ታኮርፈኛለች።

እማማን ስታጥባቸው አይታችኋል? ከትከሻ እስከ ጉልበት ፎጣ ታለብሳቸዋለች። ከፎጣው ሥር እጇን አስገብታ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ ስለ ሽንኩርት መወደድ እያወራች ታጥባለች። «ሳታዪ እንዴት ይሆናል?» ብላት፣ «እጄ ያያል» አለችኝ። እማማም አንድ ቀን፣ «ይቺ ልጅ የምታጥበው እኔን ነው ግድግዳውን?» አሉ። ሦስታችንም ሆዳችንን ይዘን ሳቅን።

ከዚያ የእማማ ልብ መርሳት ጀመረ። አንድ ቀን ጠዋት እሷን አዩና «እማዬ» አሉ። አስቡት። እሳቸው ሰማንያን ያለፉ፤ እሷ ገና አርባ ያልደፈነች። «አቤት» አለች። ለትልቅ ሰው ሌላ ምን ይባላል? «እማዬ!» አሉ ደግመው። «አቤት፣ እማማ።» ማልቀስ ጀመሩ። ልጅ ስትጣራ እናት «አቤት» ትላለች እንዴ? እናት «ወዬ» ነው የምትለው። ትልቅ ሰውን «ወዬ» ማለት ደግሞ ብልግና ነው፤ ተቆንጥጠን የተማርነው ነው። አንደበቷ እምቢ አላት። እማማ ያለቅሳሉ። በመጨረሻ፣ «ወዬ» አለች። «ወዬ የኔ ልጅ፣ አለሁልሽ።» እማማ እጇን ይዘው ጸጥ አሉ።

የእማማ ታላቅ ልጅ እዚህ መካከላችን አለች። ይህን እንድናገር ፈቅዳልኛለች። ያን ሰሞን ኮሪደሩ ላይ ሆና ሰማች። እኛ ወዳለንበት ወጥ ቤት ገባችና፣ «እናቴን ነው ‹ወዬ› የምትያቸው? ሰው ሲደክም አንቱታውም ይቀማል?» አለች። ያቺ ነገረኛ፣ ያቺ ለማንኪያ የምታኮርፍ፣ ሽርጧን መፍታት ጀመረች። እኔ ድስቱን ይዤ እንደቆምኩ ቀረሁ።

ይኼኔ ከውስጥ «እማዬ!» የሚል ድምፅ መጣ። ልጅየዋ ሮጣ ገባች። «አቤት እማዬ፣ መጣሁ።» እማማ ትክ ብለው አዩዋት። «አንቺን አይደለም። እናቴን ጥሩልኝ» አሉ።

የወለደቻት እናት «አንቺን አይደለም» ስትላት መስማት ምን ያህል ያማል? ልጅየዋ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ጓደኛዬ አጠገቧ ሄዳ ተቀመጠች። «እትዬ፣ እኔንም እኮ አይደለም። የሚጠሩት የጥንት እናታቸውን ነው። እኔ በውክልና ነኝ» አለቻት። ልጅየዋ እያለቀሰች ሳቀች። «በይ ተነሺ» አለቻት። «‹ወዬ› በያት።»

እማማ የሞቱ ባላቸውን ሲጠይቁም፣ እኛ እውነት መናገር ጽድቅ መስሎን «አርፈዋል እኮ» እንላለን። እሳቸው ደረታቸውን ይመታሉ። ከሰዓት ረስተው ይጠይቃሉ፤ እንነግራቸዋለን፤ እንደ አዲስ ያለቅሳሉ። እሷ ተቆጣች። «በቀን ሁለቴ ባሏን መቅበር የምትችል ማን ናት?» አለችን። ከዚያ በኋላ እማማ ሲጠይቁ አጠገባቸው ቁጭ ትልና፣ «እስቲ ስለ እሳቸው ያጫውቱኝ» ትላለች። ያጫውቷታል። ጨዋታው ሳያልቅ እንቅልፍ ይወስዳቸዋል።

ትናንት ቤተሰቡ ተቀምጦ መከረ። እማማ ቀብር ይምጡ፣ ይቅሩ? ቢመጡ እናታቸውን ነው የሚቀብሩት። ነገ ረስተው ይጠይቃሉ። ነገም ይቀብሯታል፤ ከነገ ወዲያም። ይቅሩ ተባለ። ልጃቸው ናት የወሰነችው።

ቀስ በሉ፣ እህቴ፣ ትሰሚኛለሽ? ከኋላዬ አንድ ሰው፣ «ምስኪን፣ የሚያለቅስላት ልጅ እንኳ የላትም» ሲል ሰማሁ። አልተቆጣሁትም፤ አያውቅም። ልጅ አለችሽ። ከሁላችንም በላይ አንጀቷ የሚቃጠልልሽ እሷ ነበረች፤ እኛ ነን የከለከልናት። ስለዚህ እናንተ ቋሚዎች፣ እንባ ያላችሁ አትቆጥቡ፤ የእማማንም ድርሻ ጨምራችሁ አልቅሱላት።

ከዚህ ስንመለስ ተረኛዋ እኔ ነኝ። «እናቴ የት ሄደች?» ይሉኛል። «ትመጣለች» እላቸዋለሁ። በር በሩን ሲያዩ ይውላሉ። እኔም አጠገባቸው ተቀምጬ አብሬ አያለሁ። ደህና ሁኚ።