ገደሉ ላይ የያዝኩት እጅ

ምን ገጠመኝ መሰላችሁ፤ ውጭ አገር የምትኖረውን ልጄን ሄለንን ልጠይቅ ብሄድ፣ ከባሕር ዳርቻ ተነስተው በአስጎብኚ እየተመሩ ገደል ገደሉን ወደ አንድ የድሮ ምሽግ ከሚወጡ ተጓዦች ጋር ወሰደችኝ። "አባዬ፣ መኪና ውስጥ ብትጠብቀን ይሻላል" ብትለኝም እምቢ አልኩ። መንገዱ ሲጠብ ከኋላዬ የሚመጣው ግዙፍ አሜሪካዊ ቁልቁል ባሕሩን አየና ሣሩን ጨብጦ ቆመ። አስጎብኚዋ "አትፍራ" ብትለው ንቅንቅ አላለም። ሁላችንንም ልትመልሰን ነው፤ ምሽጉን ሳላይ ልቀር ነው። እኔ ደግሞ ፈሪ ስለሆንኩ የሰውዬው ነገር ገባኝ። በማውቃት እንግሊዝኛ "እኔም ፈርቻለሁ፣ ና አብረን እንሂድ" ብዬ እጄን ዘረጋሁለት።

ሄለን ዞራ "አባዬ! እዚህ አገር ወንድና ወንድ እጅ ለእጅ ተያይዞ አይሄድም!" አለችኝ።

"እኛ አገር ይሄዳል። አንቺ መንገድሽን እዪ!"

ሰውዬው እጄን ትንሽ አየት አደረገና ጭብጥ አድርጎ ያዘኝ። "ወደ ታች አትይ፣ የኔን ኮፍያ እይ" እያልኩት ቀስ ብለን ምሽጉ በር ደረስን። ሰዉ አጨበጨበልን።

ሄለን እየሳቀች "እንግዲህ ደርሳችኋል እኮ፤ አትለቀውም?" አለችኝ።

"ዝም በይ" አልኳት በአማርኛ፣ "መመለሻውም በዚያው ነው። እኔን ማን ሊይዘኝ ነው?"