ብርዝ በብርሌ

ከዲላ ወደ ገደብ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጡ ሁለት ጎልማሶች ያወራሉ።

«መጠጥ አቆመ የሚሉህ እውነት ነው?»

«ስድስት ወር ሞላኝ።»

«ጌታን ተቀበልኩ በለኛ!»

«አንተም ጀመርክ? ሐኪሙ ጉበትህ አለቀ ስላለኝ እኮ ነው ያቆምኩት።»

«ሰፈሩ ግን ጴንጤ ሆነ ነው የሚለው።»

«ጎረቤቶቼ ሃሌ ሉያ እያሉ ሊጸልዩልኝ መጡ። እማዬ ደግሞ ልጄ ማርያምን ከዳ ብላ ለቅሶ ተቀመጠች።»

«ታዲያ ምን ተሻለ?»

«የሚካኤል ዝክር ለት ሰው ፊት አንድ ብርሌ ጠጅ ጠጣልኝ አለችኝ።»

«ጠጣህ?»

«ብርዝ በብርሌ ቀድቼ ጨለጥኩና እየተንገዳገድኩ ወጣሁ።»

«እሷስ?»

«እልል አለች!»

ኮንጋ ላይ «ወራጅ» ማለት ሲገባኝ፣ አፌን በነጠላዬ ይዤ አለፍኩት።