አልፍሂልድ ከአጥሩ ማዶ የሰማችው

— ሄሎ… አዎ፣ ቱሬ ነኝ… ማን ልበል? … ሲክስተን! ምነው በማላውቀው ቁጥር? … የነርሷ ስልክ ነው? አይ፣ ደግ ልጅ ናት። ዳሌህስ? … እህ… እህ… ብረቱን አስገቡልህ ማለት ነው። እሰይ። ቆይ ግን፣ በሰባ ዓመትህ መሰላል ላይ ወጥተህ ከፓርኩ አጥር ማዶ ማየት ምን ይሉታል? … እሺ፣ ስልሳ ዘጠኝ። ይቅርታ።

— ማይኬን፣ ሲክስተን ነው። ከሆስፒታል… ባለቤቴ ሰላም ትልሃለች። መሰላልህን ለምድጃ እንፈልጠው ወይ ትላለች።

— ጋዜጣ ላይ አየኸው? … እውነት ነው። የመዝናኛ ፓርኩ አዲሱ ሮለር ኮስተር፣ ያ ሽቅብ ቁልቁል የሚወረወረው ባቡራችን፣ ግንቦት መከፈቱ ቀረ፤ ነሐሴ ሆኗል። … አንተ፣ ቀስ በል፣ አጠገብህ በሽተኛ ተኝቷል። … ፓርኩ አይደለም። ማለቴ፣ የወሰነው ፓርኩ ነው፤ ምክንያቱ ግን አልፍሂልድ ናት። … የኛዋ አልፍሂልድ። ፒያኖ ቃኟ። ሌላ ስንት አልፍሂልድ አለችን?

— ነግሬሃለሁ፣ ቀልድ አይደለም። ተረጋግተህ ቁጭ በልና ስማኝ… እውነትህን ነው፣ መቀመጥ አትችልም። እንደተኛህ ስማኝ።

— ቅዳሜ ዕለት እንደ ሁልጊዜው ሦስት ሰዓት ላይ አጥሩ ሥር ተገናኘን። ከማኅበራችን ሰባት ነበርን። ጫካው ውስጥ በረዶው ሙሉ በሙሉ አልለቀቀም፣ መንገዱ ጭቃ ብቻ። አልፍሂልድን ከቤቷ ያመጣኋት እኔ ነኝ። ፎልኬ መቼም ያው ማስታወሻ ደብተሩን ይዞ፣ አፈሩን በጫማው እየለካ ይንጎራደዳል። ፔርሙዛችንን ከፍተን ክርክራችንን ያዝን። አንተ ባትኖርም ያንተን ሐሳብ አነሳንልህ፤ በሰንሰለት ተጎትቶ የሚወጣ የእንጨት ሮለር ኮስተር ነው ያልከውን። ፎልኬ አሁንም በማግኔት የሚወነጨፍ ነው ባይ ነው። እኔ ደግሞ ሰው እግሩን አንጠልጥሎ ከሀዲዱ በታች የሚሄድበት ነው አልኩ። … አውቃለሁ አልተስማማህም፣ አሁን እሱን ተወው።

— አዎ፣ ያው ካባው ውስጥ እየሠሩት ስለሆነ ምንም አይታይም። ድንጋይ ሲወጣበት የኖረ ጉድጓድ መርጠው እዚያ መደበቃቸው ለኛ ሲሉ ይመስላል። … አንተማ ሰማያዊ ነገር አየሁ ብለህ ነበር። እሱ ሸራ ነው፣ ሲክስተን። ዳሌህን ለሸራ ሰበርከው።

— ታዲያ አራት ሰዓት ገደማ፣ ካባው ውስጥ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ። ባዶውን ባቡር ለመጀመሪያ ጊዜ ሊነዱት ነው። … አዎ! በመጨረሻ! ክርክሩን ትተን ሁላችንም ወደ አጥሩ ተጠጋን። አልፍሂልድ ኮፍያዋን አውልቃ ግንባሯን ሳንቃው ላይ ደገፍ አደረገች። እሷን ታውቃታለህ፤ እኛ እንሰማለን፣ እሷ ግን እያንዳንዱን ነገር ለይታ ነው የምታነሳው። ባቡሩ አንድ ዙር ዞሮ ሲቆም፣ «ሰንሰለት የለም» አለች። … አዝናለሁ፣ ግን አለች። ቀጥላ «መጀመሪያ ላይ ትንሽ ቆም ይላል፣ ከዚያ ረጅም መውረድ ነው፣ ከዚያ ድምፁን መሬት ይውጠዋል» አለች። ዋሻ ነው ማለት ነው። ፎልኬ ቃል በቃል ጻፈው። ሦስት ዓመት በባዶ ሜዳ ስንገምት ቆይተን፣ በአንድ ሩብ ሰዓት ውስጥ እንዲያ ስናውቅ ምን ልበልህ… ሰባት ሕፃናት ሆንን።

— ሄሎ? ትሰማኛለህ? … የምን ድምፅ ነው እሱ? … ምሳ አመጡልህ? በል እየበላህ አዳምጠኝ።

— ሦስተኛው ዙር ላይ አልፍሂልድ እጇን አነሳች። «አንድ ቦታ ይንኳኳል» አለች። እኔ ምንም አልሰማሁም። ማንም አልሰማም። አራተኛው ላይ ደገመች፤ አምስተኛው ላይ «እየባሰ ነው» አለችና ፊቷ ተለወጠ። ፎልኬ ብረት ነውና መንኳኳቱ አይቀርም አለ። እሷ ግን ለፓርኩ እንንገራቸው አለች። ያኔ ነው ነገር የተበላሸው።

— ምን ይሆናል፣ ፎልኬ ተቆጣ። የፓርኩ ሰዎች እነዚህ አጥራችን ሥር ተጣብቀው ይውላሉ ካሉ መንገዱን ይዘጉብናል፣ ይባስ ብሎም ሥራውን ያቆሙታል፣ ግንቦት ቀረ ማለት ነው አለ። ሌሎቹም ከሱ ጋር ሆኑ። ከዚያ ፎልኬ ወደኔ ጠጋ ብሎ በጆሮዬ፣ ጆሮዋም እኮ እየሄደባት ነው አለኝ። … እንዴት አትሰማ! አሥር እርምጃ ብትርቅ ነው። ሰምታለች።

— አንተም የማታውቀው ነገር አለ። እኔም ያወቅሁት ያን ዕለት መኪና ውስጥ ነው። የካቲት ላይ የጆሮ ሐኪም ዘንድ ሄዳ ነበር። ቀጫጭኖቹ ድምፆች እየጠፉባት ነው፤ ከእንግዲህም አይመለሱም ተብላለች። ለማንም አልተነፈሰችም። ዓይኗ ከጠፋ ሃያ ዓመቷ ነው፤ በጆሮዋ ነው የምትኖረው። ስለዚህ አጥሩ ሥር ስትቆም የምታስበው ምን እንደነበር ልንገርህ፦ የሚንኳኳው ብረቱ ነው ወይስ የኔ ጭንቅላት? አለመናገሯ ሰው ሊያስጎዳ ነው። ተናግራ ስሕተት ከሆነ ደግሞ ጆሮዬም አበቃለት ብላ በገዛ አፏ መመስከሯ ነው።

— አዎ… እኔም እንዲያ ነው ያልኩት።

— እና «ቱሬ፣ ወደ በሩ ውሰደኝ» አለችኝ። እውነቱን ልንገርህ ሲክስተን፣ እግሬ አልነሳ አለኝ። እኔም ግንቦትን እንደናንተው ስቆጥር ነው የከረምኩት። ትንሽ ጠበቀችኝና ነጩን በትሯን ይዛ፣ በሌላ እጇ አጥሩን እየዳሰሰች ብቻዋን ሄደች። ጭቃው ውስጥ አንዴ ተንሸራታ በጉልበቷ ወደቀች። ተነሥታ ቀጠለች። አርባ ዓመት አውቶቡስ ስነዳ ዓይነ ስውር መንገደኛ ጥዬ ሄጄ አላውቅም፤ እዚያ ቆሜ ሳያት ግን… ብቻ ሮጬ ደረስኩባት። አልወቀሰችኝም። ክንዴን ያዘችና፣ ጭቃው እስከ የት እንደሆነ ጠየቀችኝ።

— ማይኬን፣ ድስቱ እየገነፈለ ነው… ድስቱ! … ምንም አይደለም፣ አተር ሾርባ ነው።

— የት ደረስኩ? … አዎ፣ በሩ። ዘበኛው ስልክ ደወለና አንዲት መሐንዲስ መጣች፣ ሲግኔ ትባላለች፣ ከሠላሳ ብዙም አታልፍ፤ ቦት ጫማዋ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነው። ታባርረናለች ብዬ ነበር። አልፍሂልድ ሰላም እንኳ በቅጡ ሳትላት፣ «ልሳሳት እችላለሁ፤ ጆሮዬ እንደ ድሮው አይደለም። ግን ባቡራችሁ አንድ ቦታ ላይ ይንኳኳል፤ ዝም ብዬ ቤቴ መግባት አልቻልኩም» አለቻት። ልጅቷ ምን ዓይነት ድምፅ ነው አለች። አልፍሂልድ በበትሯ የበሩን ብረት መታች፤ አንዴ፣ ከዚያ ቶሎ ቶሎ ሁለቴ። ሲግኔ ኮምፒውተራችን ምንም አላሳየም አለች። ቆማ አሰበች። ከዚያ «እርስዎ ይግቡ» አለች። … እሷ ብቻ። እኔማ በሩ ላይ ቀረሁ።

— ምን ተሰማህ ትለኛለህ? ሦስት ዓመት የጠበቅሁት ነገር ከበሩ ሃምሳ እርምጃ ነው፤ ዓይን ያለኝ እኔ ውጪ ቆሜ፣ አልፍሂልድ የራስ ቁር አጥልቀውላት ደረጃውን ስትወርድ አያለሁ። ከዘበኛው ጋር ስለ አየሩ አወራን። አርባ ደቂቃ። ባቡሩ ሦስት ጊዜ ሲሄድ ሰማሁ። ከዚያ ጸጥ አለ፤ ያን ቀን ዳግም አልተንቀሳቀሰም።

— መኪና ውስጥ ነገረችኝ። ሲግኔ እጇን ይዛ ከአንዱ የብረት ቋሚ ወደ ሌላው ትወስዳታለች፤ ባቡሩ ባለፈ ቁጥር አልፍሂልድ በመዳፏም በጆሮዋም ታዳምጣለች። አንደኛው ቋሚ ጋ ስትደርስ «እዚህ» አለች። ልጅቷም ጆሮዋን ብረቱ ላይ አደረገች። አልሰማሁም አላለችም፣ ሰማሁም አላለችም። ሬዲዮኗን አነሳችና አቁሙ አለች። በቃ። አልፍሂልድ ታዲያ ያን ሁሉ መንገድ ጭቃ የነካ ጉልበቷን እያሸች፣ «ሰው ሥራ አስፈታሁ ይሆናል፣ ቱሬ» ስትለኝ ነበር። እሑድን እንዴት እንዳሳለፈችው አልነግርህም። ሬዲዮ እንኳ አልከፈተችም።

— ትናንት ጠዋት ሲግኔ ራሷ ደወለችላት። የባቡሩን ጎማዎች ሲፈቱ የአንዱ ኩሽኔታ፣ ጎማው የሚሽከረከርበት የብረት ቀለበት፣ ከውስጥ ተሰንጥቆ ተገኘ። በዓይን የማይታይ፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ፤ የሚንኳኳውም እዚያ ቋሚ ጋ ክብደቱ ሲያርፍበት ብቻ ነው። አብረውት የመጡትን ኩሽኔታዎች በሙሉ ለፋብሪካው መልሰው አዲስ ይሠሩላቸዋል፤ ነሐሴ የሆነው ለዚህ ነው። ሲግኔ «ሰው ተሳፍሮበት ቢሆን ኖሮ» ብላ ጀመረችና አልጨረሰችውም አሉ።

— … አዎ።

— … አዎ፣ ሲክስተን። ሰው ሳይሳፈርበት ነው የደረሱበት።

— አልፍሂልድማ ወዲያው ለኔ ደወለች። መጀመሪያ ስሜን ብቻ ደጋገመች። ሰው ሞተባት ብዬ ልሮጥ ስል፣ «ብረቱ ነበር፣ ቱሬ። እኔ አይደለሁም፣ ብረቱ ነው» አለች።

— ፎልኬ? ፎልኬ ገና ወሬውን ሳይሰማ፣ ግንቦታችንን አበላሸችብን ብሎ ለማኅበሩ አባላት በሙሉ ጽፎ ነበር። ኋላ ስነግረው ጽሑፉን አጠፋው። ትናንት ከሰዓት የቀረፋ ዳቦ ይዞ ቤቷ ሄደ። በሯ ላይ ቆሞ ባርኔጣውን ያሽከረክራል፣ ይቅርታ ማለት አቃተው። ገብቶ ቡና እየጠጣ ጥቂት ቆየና፣ ሰንሰለት እንደሌለው እርግጠኛ ነሽ ወይ አላት። እሷ ሳቀች፤ ታረቁ።

— እሱን ነው የምትጠይቀኝ? ጠብቄ ነበር። አዎ፣ ውስጥ ገብታለች፣ በእጇ ነክታዋለች። … አታውቅም። … አታውቅም እያልኩህ! ሲግኔማ ልትነግራት ነበር። የሀዲዱን አካሄድ መዳፏ ላይ በጣቷ ልስልልዎት ብላ መሳል ጀምራ ነበር። አልፍሂልድ እጇን ሰበሰበች። «አመሰግናለሁ፣ ገና እየገመትን ነው» አለቻት። … እኔም መኪናውን ላቆመው ምንም አልቀረኝ። ለምን አልኳት። ካወቅሁ ከናንተ መደበቅ ይኖርብኛል፤ ከነገርኳችሁ ደግሞ ቅዳሜ ምን ልናደርግ እንሰበሰባለን አለችኝ።

— ቆይ ግን፣ አንድ ነገር አለ። ይኼን ለፎልኬ አልነገርኩትም። ሦስተኛውን ዙር ካባው ውስጥ ቆማ ስታዳምጥ፣ መጨረሻ ላይ፣ ፍሬኑ ሊይዝ ሲል፣ በሕይወቷ ሰምታው የማታውቀው ድምፅ ሰማች። ከባሏ ጋር ስንት አገር ዞራ ሮለር ኮስተር ተሳፍራለች፤ እንዲህ ያለ አልሰማሁም ትላለች። … እንደ ትንፋሽ ነው አለች። አየር ወደ ውስጥ ሲሳብ ዓይነት። ግን ከአንድ ወገን ሳይሆን ከግራም ከቀኝም፣ እኩል። … አይ፣ ዋሻው አይደለም፣ ዋሻው አልፏል። … ንፋስም አልነበረም።

— ምን? … ድገመው፣ ምሳህን ዋጥና ድገመው። … ሁለት? … ጎን ለጎን? … ታዲያ ሁለተኛው ባቡር የት ሆኖ ነው ያልሰማነው? … ቆሞ? … ቆይ፣ ቆይ፣ ቆሞ የሚጠብቀው ከሆነ፣ የሚመጣው ሲጠጋው አየሩን ከሁለቱም ወገን ይስባል… አዎ… እሱን አላሰብኩትም። ማይኬን፣ እርሳስ! … እርሳስና ማንኛውንም ወረቀት!

— በል ቀጥል። ቆሞ ይጠብቀዋል፣ ከዚያስ? … ነርሷ ስልኳን ፈለገች? እባክህ አንድ ደቂቃ በላት፣ ግራው ነው ቀኙ የሚቆመው? … ሲክስተን? … ሄሎ? … ሄሎ?

— ዘጋችበት። … ማይኬን፣ ኮቴን አቀብዪኝማ። … ሆስፒታል ነው። አልፍሂልድንም በመንገዴ እወስዳታለሁ። … አይ፣ ዳሌው ደህና ነው። ሁለት ባቡር ነው እያለ ነው።