የተተካው ፎልደርና የድልድዩ ምሰሶዎች

አንጋፋው የድልድይ መሐንዲስ ሊፍት ውስጥ ከእህታቸው ልጅ ጋር ድንገት ተገናኙ። እሷ እዚያው ሕንፃ ላይ የምትሠራ የኮምፒውተር ባለሙያ ናት፤ እሳቸው ኮምፒውተርን እንደ ጥርስ ሐኪም ሲብስባቸው ብቻ የሚጠጉ ሰው ናቸው።

«ጋሼ፣ ምነው ፊትዎ ጠቆረ?»

«ተይኝ እስቲ። የድልድዩ ምሰሶዎች ንድፍ ያለበትን ፎልደር አጥፍቼ በዚያው ስም የራሴን ተክቼ ነበር። ዛሬ የአፈር ምርመራው መጣ፤ ለካ ትክክሉ የድሮው ጥልቅ ምሰሶ ኖሯል፣ የእኔ አጥሯል! አሁን ከመጠባበቂያ ቅጂው እያወጣሁ አንድ በአንድ ልመልስ ነው።»

«በእጅዎ? ኧረ አይሆንም! ቢሯችሁ ያለው የለውጥ መዝገብ የሚይዘው ፕሮግራም የተለወጠውን ወደ ነበረበት የሚመልስ ‹ቀልብስ› የሚል ትእዛዝ አለው እኮ።»

መሐንዲሱ የይምሰል ሳቅ ሳቁ። አዲሱ ፎልደር ውስጥ ብዙ የደከሙበት የእግረኛ መተላለፊያ ንድፍ አለ።

«ቀልብስ ማለት አቃጥል ማለት ነው፤ መተላለፊያዬስ?»

«ይቅርታ ያድርጉልኝና ጋሼ፣ አይደለም። ደህና ፕሮግራም የድሮውን ፎልደር እንዳለ፣ ከነታሪኩ ይመልሳል፤ አዲስ የጨመሩትን ግን አይነካም። መተላለፊያዎ ከመዝገቡ ይወጣል እንጂ ከማሽኑ አይጠፋም።»

«ስማቸው አንድ የሆኑ ፋይሎችስ? አሮጌው አዲሱን አይውጠውም?»

«ይውጠዋል! ስለዚህ አዲሶቹን አስቀድመን ሌላ ቦታ እንገለብጣለን። በእጅዎ ሲመልሱ ቢደባለቁብዎትስ? ግማሹ ጥልቅ፣ ግማሹ አጭር ምሰሶ ይወጣል። በዚያ ላይ ሰው ሊሻገር ነው።»

መሐንዲስን በክርክር መርታት መከራ ነው፤ በሚፈርስ ድልድይ ከመጡበት ግን እጁን ይሰጣል። ቢሮ ገቡ። ልጅቱ የሚገለበጠውን ገልብጣ «‹ቀልብስ›ን ይጫኑት» አለቻቸው፤ እሳቸውም ተጫኑ።

የድሮው ፎልደር ዓይናቸው እያየ ተመለሰ። መተላለፊያውም ካለበት ንቅንቅ አላለም።

«ሁለቱም አሉ!» አሉ፤ ማመን አቅቷቸው።

ልጅቱ የፎልደሩን የለውጥ ታሪክ ከፈተችው። በየምሰሶው አጠገብ የሣለው ሰው ስም ተጽፏል፤ ባለፈው ዓመት በሞት የተለያቸው የሥራ ባልደረባቸው ስም ነው። ያንን ሥራ «ጥልቀቱን አበዛው» ብለው ያጠፉት እሳቸው ነበሩ። መነጽራቸውን አወለቁ። ሰው ከሞተ በኋላ ትክክል ሆኖ ሲመለስ አይተው አያውቁም።

«በእጄ መልሼው ቢሆን ኖሮስ?»

«ሁሉም በእርስዎ ስም ይመዘገብ ነበር።»

ሠራተኞቻቸውን ጠሩ። «ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ቢሮ በእጅ የሚመልስ እንዳላይ! የሚሞክር ሳይፈራ ይሞክር፣ የተሳሳተ ይቀልብስ። የሠራም ሰው ስሙ አይጥፋ» አሉ።

ከዚያ ወንበራቸውን ሳቡና በባልደረባቸው ምሰሶዎች ላይ የራሳቸውን የእግረኛ መተላለፊያ ይዘረጉ ጀመር።