መውደቅ የነበረበት ቦክሰኛ

ከቢቸና ወደ ሞጣ ስንሄድ ከፊቴ የተቀመጡት ሽማግሌ ድምፅ የሚኒባሱን ሞተር ያስንቅ ነበር። አጠገባቸው ያለችው ሴት ወሬውን ታስጀምራቸዋለች።

«ታዲያ ጋሼ፣ ቦክሰኛው የእህትዎ ልጅ አሸነፈ?»

«ጉዱ ማሸነፉ ነው እንጂ! የቁማር ማፊያዎቹ አራተኛው ዙር ላይ ውደቅ ብለውት ነበር። እምቢ ካልክ እግርህን እንሰብረዋለን ብለው።»

«በማርያም! እሱስ?»

«ፈርቶ እሺ አላቸው። እኔ ምኑን አውቄ! ገመዱን ሲደገፍ ባየው ጊዜ ብድግ ብዬ የአባቱን ስም እየጠራሁ ሸለልኩለት።»

«አዲስ አበባ መሐል?»

«ምን ገዶኝ! ሽለላ እየሰማ የሚወድቅ የጎጃም ልጅ አይተሻል? አንዴ ቢያቀምሰው የተጋጣሚው ጥርስ አባይን ተሻግሮ ደጀን ወደቀ!»

«እሰይ! ማፊያዎቹስ?»

«እያደኑት ነው። በየመኪናው ሰው አሰማርተዋል አሉ።»

«እግዜር ይሰውረው!»

«የት አባታቸው ያገኙታል ልጄ! ሞጣ፣ እኔ ቤት፣ ጓሮ ያለው ጎተራ ውስጥ ደብቄዋለሁ!»

እኔ ከሾፌሩ ጀምሬ የተሳፋሪውን ፊት አንድ በአንድ መመርመር ያዝኩ።