ዳንግላን ያለፈ ማር

በ2008 ዓ.ም. በጥቅምት ወር፣ በገበያ ቀን ጠዋት፣ ከዳንግላ ወደ እንጅባራ ለመሄድ ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጬ እስኪሞላ እጠብቅ ነበር። አቶ ቢሻው ገብተው ከፊቴ ተቀመጡ። በከተማችን ማር ሲነግዱ ያረጁ ሰው ናቸው፤ የማያውቃቸው የለም። ቀጥላ ጎረቤታቸው ሶስና ገባች። የንግድ ትምህርት ጨርሳ ከተመለሰች ሁለት ዓመቷ ነው። እኔ ጨዋታ ለመጀመር የምደፍር ሰው ስላልሆንሁ ዝም ብዬ አዳመጥሁ።

"ጋሽ ቢሻው፣ ገበያውን ጥለው ወዴት ነው?"

"የትኛውን ገበያ?" አሉ። "ቤቱን ልሸጠው ነው፣ ልጄ። ገዢው እንጅባራ ይጠብቀኛል፤ ዛሬ እንፈራረማለን። እዚያው ትንሽ ሱቅ እይዛለሁ።"

"አባትዎ የሠሩትን ቤት?"

"አባቴ የሠሩት ዳንግላ ዳንግላ በነበረች ጊዜ ነው። ማር ፈልጎ የሚመጣ የሩቅ ነጋዴ ሁሉ በቅሎውን እኛ ደጅ ያስር ነበር። ዛሬ ማር ተራ ፍየል ብትለቂ የሚያባርራት የለም። ቢሮው ሁሉ እንጅባራ ነው፤ ዩኒቨርሲቲም እዚያው ሊሠራ ነው ይላሉ። ያረጀ ከተማ መልሶ ጎረምሳ አይሆንም።"

"ይቅርታ ያድርጉልኝና በዚህ አልስማማም። መንገዱ አለ፤ እንዲያውም አስፋልት ሆኗል። ንቡም አልጠፋም። ታዲያ ማሩ የት ሄደ ብለው ጠይቀው ያውቃሉ?"

"ገበሬው ሰነፈ።"

ከኋላ ወንበር ሳቅ ተሰማ። አንዲት የገጠር ሴት ጆንያ በጉልበቷ መካከል ይዛ ተቀምጣለች። አቶ ቢሻው ዞር ብለው በአገውኛ ሰላም አሏት። እሷም በአገውኛ መልሳ፣ ሶስና እንድትሰማ ይመስለኛል፣ ወደ አማርኛ ተሻገረች።

"እታለማሁ እባላለሁ። አልሰነፍንም፣ ጋሼ። ይኸ ድንች የሚመስልዎት ጆንያ ውስጡ አንድ ገንቦ ማር ነው።"

"ማር ድንች ውስጥ ምን ይሠራል?"

"ይደበቃል። ከተማው መግቢያ ድልድዩ ላይ የቆሙት ደላሎች እንዳያዩት ነው። ባለፈው ዓመት ገንቦዬን ከጀርባዬ አወረዱት። ያሰርሁበትን የኮባ ቅጠል ቀደዱና ሦስት ሆነው ጣታቸውን እየነከሩ ላሱ። ከዚያ 'ሰፈፍ በዝቶበታል' አሉኝ። ክዳኑ የተቀደደ፣ ጣት የገባበት ማር ገበያ ባወጣው ማን ይገዛኛል? ባሉት ዋጋ ሰጠኋቸው። ጎረቤቶቼም እንደዚያው ሆኑ። ከዚያ ወዲህ ዳንግላ ለእኛ መኪና መሳፈሪያ ናት።"

አዛውንቱ ጆንያውን እያዩ፣ "ድልድይ ላይ መጀመሪያ ሰው ያቆምሁ እኔ ነኝ" አሉ። "ሌላው ነጋዴ እንዳይቀድመኝ ብዬ ነበር።"

ይህን ማንም ሳያስገድዳቸው መናገራቸውን አከበርሁላቸው። ብዙ ሰው ለከተማው መድከም መንግሥትን ወይም ጎረቤት ከተማን ይከስሳል እንጂ የራሱን እጅ አያይም።

"ቀደሟቸው" አለች ሶስና በትሕትና። "ግን ማሩ መንገድ ላይ ሲቀር ማር ተራው ባዶ ሆነ። ባዶ ሲሆን የሩቁ ገዢ ቀረ።"

"እንጅባራስ ደላላ የለም?"

"አለ እንጂ" አለች እታለማሁ። "ግን ገበያ መሃል ነው። አንዱ ባይስማማኝ ሌላው አጠገቡ አለ።"

"እኔ ሰዎቼን ባነሳ የሌላው ይቆማል።"

"ሲጀምሩ ያዩዎት ሲተዉም ያዩዎታል" አለች ሶስና። "ክዳን የሚከፈተው ማር ተራ ብቻ ይሁን፤ የሚከፍተውም ባለቤቱ። እኔ ሚዛንና የመቅመሻ ማንኪያ ይዤ እቆማለሁ።"

"ደግሞ ማንኪያ? ጣት ምን አደረገሽ?"

"ሦስት ደላላ የላሰበትን ማር ለልጅ ልጅዎ ይሰጣሉ?"

"ለልጅ ልጄ እንኳ አልሰጥም፤ ለአማቴ ካልሆነ" አሉና እሳቸውም ሳቁ።

ረዳቱ ሞልቷል ብሎ በሩን ሊዘጋ ሲል አቶ ቢሻው ተነሡ። "ወራጅ አለ።" ከዚያ ወደ ሴትዮዋ ዞረው፣ "ውረጂ አልልሽም፤ ተቀይመሽናል" አሏት። "ከወረድሽ ግን ገንቦሽን የምትከፍቺው አንቺ ነሽ።"

"ዋጋው ካልተስማማኝስ?"

"ቀጣዩ ሚኒባስ አለ።"

እታለማሁ ትንሽ አሰበችና ጆንያውን አቀበለቻቸው። የነጋዴዎች አለቃ የሚባሉት አቶ ቢሻው ድንች የለበሰውን ማር በትከሻቸው ተሸክመው፣ ሁለቱን ሴቶች አስከትለው ወደ ገበያው ሲሄዱ በመስኮት አየሁ።

በሚቀጥለው ዓመት ጥቅምት ወደ ዳንግላ ስመለስ ድልድዩ ላይ የቆመ ደላላ አላገኘሁም። አንዳንዶቹ ለወራት አንገራግረው ነበር አሉ፤ ገበሬው ግን ሚዛን ወዳለበት አለፋቸው። በእንጅባራ በኩል ካሉት ከግምጃ ቤትና ከአዲስ ቅዳም ከተሞች ሳይቀር ማር ይመጣል። ማር ሲመጣ ገዢ መጣ፤ ገዢ ሲመጣ ጋሪ ነጂው፣ ምግብ ቤቱና ገንቦ ሠሪዋ ሥራ አገኙ። ዳንግላ ቢሮ አልተጨመረላትም፤ የተጨመረላት አመኔታ ነው። ከተማ የምትደክመው ሰው ሲሸሻት ነው፤ የምታገግመውም የሸሻት ሰው ሳይፈራ ሲገባባት ነው። ዳንግሌ ነኝ ስል አንገቴን ቀና አድርጌ ነው።

የአቶ ቢሻውን ቤት ሊገዛ የነበረው ሰው ተስፋ አልቆረጠም ነበርና አንድ ቀን ከእንጅባራ ራሱ መጣ አሉ። ማር ተራ ዳር ባለው ደጃፍ ላይ ገንቦ የያዙ ሰዎች የሚዛን ወረፋ ሲጠብቁ ቢያገኝ፣ ስለ ቤቱ ሳያነሣ ማር ገዝቶ ተመለሰ።