ብረት የያዘ አለ?

በኛ ጊዜ ስል ሩቅ ዘመን እንዳይመስላችሁ። የኔ ጊዜ ይኸው ነው፣ ገና ሳልሞት ያለሁበት፣ ስልክ በየኪሱ ባጃጅ በየበሩ ያለበት። አንቺ ልጅ፣ ያልኩትን እንዳልኩት ጻፊው፤ እንዳታሳምሪልኝ። የሚያምር ነገር ቢሆን እስከ ዛሬ መች እደብቀው ነበር።

ታዲያ እኔ አያትሽ ይመር በዚህ በመካነ ሰላም ዙሪያ ሰው ሳስታርቅ ነው ያረጀሁት። ባልና ሚስት አስታርቄያለሁ፣ ወሰን የተጋፋ አስታርቄያለሁ፣ ደም የተቃባም አስታርቄያለሁ። ዳማ በቅሎ ነበረችኝ፣ በሷ ላይ ሆኜ ነው የምዞረው። እና ጊዜው ከፋ። መንገዱ ከፋ። ዛሬ እገሌ ተዘረፈ፣ ነገ እገሌ ተመታ ሆነ ወሬው። ጎረቤቱ ሁሉ ታጠቀ፣ እኔ ብቻ በከዘራ ቀረሁ። እና ፈራሁ። ምን እደብቃችኋለሁ፣ ፈራሁ!

ታዲያ አቀስታ ከተማ አንድ ሰውዬ አሮጌ ሽጉጥ ይሸጣል አሉኝ። በቅሎዬን ገበያ አውጥቼ ሸጥኳትና በሚኒባስ ሄድኩ። ሰውዬው በፎጣ ጠቅልሎ አመጣት። አጭር ናት፣ መዳፍ የምታህል፤ ግን ሙሉ ብረት ናት፣ ስትይዟት ክንድ ትስባለች። ጥቁሩ ቀለም ጫፍ ጫፏ ላይ ተልጧል፣ ከማህደሯ ስትወጣ ስትገባ።

«ስንት እጅ አልፋለች?» አልኩት።

«እኔ ከአንድ ሰው ገዛኋት። እሱ ከማን እንደገዛት አልጠየቅሁም።»

«ሰው ገድላለች?»

«ኧረ አባ! ይሄ ይጠየቃል እንዴ?»

«ታዲያ ለምን ትሸጣታለህ?»

«ልረፍ ብዬ ነው» አለኝ። ልረፍ ብዬ! ሰውዬው እንዲህ ብሎ በአፉ እየነገረኝ እኔ አልሰማም፣ ስትወለወል እንዴት እንደምታብረቀርቅ አያለሁ።

ወረቀቷን አስጨረስኩ፣ ቀበሌም አስመዘገብኩ፣ እና ይዣት ስመለስ ሚኒባሱ በነጠረ ቁጥር እጄ ወደ ሆዴ። ጎኔ የተቀመጠችው ሴትዮ፣ «አባ፣ ሆድዎን ያምዎታል?» ብላ ሎሚ ሰጠችኝ። ሎሚውን እየመጠጥኩ ቤቴ ገባሁ። ፋጡማ፣ አያትሽ፣ አላህ ይዘንላት፣ አየቻትና፣ «አንተ ሰውዬ፣ ሰው የሚያስታርቅ ሰው ሽጉጥ ምን ያደርግለታል?» አለችኝ። «ለመንገድ ነው» አልኩ። «መንገዱንማ በቅሎዋ ትወጣልህ ነበር» አለች። ተቆጣሁ።

እና ከዚያ ወዲያ ሰላም አላየሁም፣ ወላሂ። ሳጥን ውስጥ ባስቀምጣት ልጆቹ ይነኩብኛል፣ ጎተራ ብከታት ሌባ ይደርስባታል፣ ወገቤ ላይ ብታጠቃት ሱጁድ ስወርድ ሆዴን ትወጋኛለች። ውሻ ሲጮህ ለኔ፣ ሰው ሲሳሳቅ በኔ ይመስለኛል። መታጠቄን ከቀበሌ በቀር ማንም አያውቅም፣ ጋቢ ለብሼ ነው። ሽማግሌው ይመር ታጠቀ እንዳይሉ።

ታዲያ አንድ ቀን ደም ልናደርቅ ተጠራን። ሀሰን የሚባል ጎረምሳ በውሃ ተጣልቶ የእማማ ዘሀራን ልጅ በጥይት ገድሎ፣ ታስሮ ተፈትቶ መጥቷል። የሟች ወንድሞች ይጠብቁታል። ዛሬ ነገ ሌላ ሰው ይሞታል ብለን አብረውኝ የሚሸመግሉት መምሬ ታደለና እኔ ስንት ወር ተመላልሰን እሺ አሰኘናቸው። እሷ እናቲቱ ናት እሺ ያለች፤ ወንዶቹማ ጥርሳቸውን ነክሰው ነው።

ከቤቴ እዚያ ድረስ የሁለት ሰዓት መንገድ ነው። በቅሎ የለም። ብቻዬን በእግሬ፣ ቁጥቋጦው ሲንኮሻኮሽ ሽጉጤን እየጨበጥኩ ሄድኩ። ስደርስ ከግቢው ውጭ የድንጋይ ካቡ ስር አስቀምጣታለሁ ብዬ ነበር፣ አላህ ይወቅልኝ። ግን አርፍጃለሁ። ሰዉ ሁሉ ብድግ አለና፣ «አባ ይመር መጡ! ወደ ላይ፣ ወደ ላይ!» ብሎ እጄን ይዞ ላይ አስቀመጠኝ። ሌላውን በሩ ላይ ለጠመንጃና ለሽጉጥ ይፈትሹታል። እኔን ማን ይፈትሻል?

እና የኛ ደንብ ምንድን ነው፣ ታላቁ ሽማግሌ ተነስቶ ሦስት ጊዜ ይጠይቃል። ብረት ይዞ የተቀመጠ ካለ እርቁ እርቅ አይደለም። ጠያቂው ማነው? እኔ!

ተነሳሁ። «ብረት የያዘ አለ?» አልኩ። አንዱ ጩቤውን አውጥቶ ሄዶ ካቡ ስር አስቀመጠ። «ብረት የያዘ አለ?» አንድ ሽማግሌ የዕንጨት መላጊያ ቢላዋ አወጡ፣ ሰዉ ሳቀ። ሦስተኛው ቀረ። ብናገር፣ የሟች ወንድሞች ሽማግሌው ለገዳይ ወገን ታጥቆ መጣ ይላሉ፣ እርቁ እዚያው ይፈርሳል። ብደብቅ፣ በውሸት ላይ ዱዓ ላደርግ ነው። «ብረት የያዘ አለ?» አልኩ። ዝም። እኔም ዝም።

ታዲያ ሀሰንን አመጡት። ድንጋይ አንገቱ ላይ ተሸክሞ በሩ አጠገብ ተንበረከከ፣ ዓይኑን ከመሬት አይነቅልም። እማማ ዘሀራ ተነስታ ወደኔ መጣች፣ ነገሩን ለሽማግሌው ትቼዋለሁ ለማለት ጉልበቴን ልትይዝ። ጎንበስ ስትል ክንዷ ብረቱ ላይ አረፈ።

ቀና ብላ አየችኝ። ያን አስተያየት አልረሳውም። በጆሮዬ፣ «አባ ይመር፣ አንቱ ምን ፈርተው ነው?» አለችኝ። መልሴን ሳትጠብቅ፣ «እኔ ባዶ እጄን መጥቻለሁ። ስጡኝ፣ ሰው ሳያይብዎ ላስቀምጥልዎ።»

ሰጠኋት። በጋቢዬ ስር ወደ ነጠላዋ ስር። ቀለለኝ፣ ወላሂ፣ ተንፍሼ ቁጭ አልኩ። ጀርባዋን ስትሰጠኝ ነው ያደረግሁት የገባኝ። ያረቢ! የሽጉጧ ካዝና ጥይት ሙሉ ነው። ካቡ ከበሩ ውጭ ነው። በሩ አጠገብ የልጇ ገዳይ አንገቱን ደፍቶ ተንበርክኳል። ከሰው ሁሉ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

ሄደች። ሀሰን ዘንድ ስትደርስ ቆመች። አንገቱን እያየች ቆመች፣ አንድ እጇ ነጠላዋ ስር ነው። ያዟት ብዬ ልጩህ እላለሁ፣ አፌ አይከፈትም። ለምን መሰላችሁ? ብጮህ፣ ሽጉጡን ከየት አመጣችው ይባላል። ስሙት እንግዲህ። የዚያ ልጅ ነፍስ ከኔ ስም አነሰችብኝ። በዚያች ሰዓት ሰው ቢሞት የገደልኩት እኔ ነበርኩ።

እና አለፈችው። ወጣች፣ ተመለሰች፣ ባዶ እጇን። ድንጋዩን ከአንገቱ አንስታ ጣለችው፣ እና ያን ጊዜ አለቀሰች። ሰዉም አለቀሰ። እኔ ከሁሉ በላይ አለቀስኩ፤ ሽማግሌው አንጀቱ ራራ አሉ።

ዱዓው ተደርጎ፣ ተበልቶ፣ ሰዉ ከካቡ ስር ብረት ብረቱን አነሳ። አንዲት አጭር ሽጉጥ ቀረች። መምሬ ታደለ በሁለት ጣታቸው አንጠልጥለው፣ «ይህች የማን ናት?» አሉ። ዝም። «ኧረ የማን ናት?» ዝም። የሟች ታላቅ ወንድም ዓይኑ ቀላ፤ «ማን ነው ታጥቆ የገባው?» ብሎ ተነሳ። የሀሰን አጎቶችም ተነሱ። መምሬ ሦስተኛ፣ «የማን ናት?» አሉ።

«የኔ ናት» አልኩ። «ወገቤ ላይ ሆና ነው ስጠይቃችሁ የነበረ።»

ግቢው ታመሰ። «ድሮም ተሽጧል!» አለኝ አንዱ። ፈረሰ ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ታዲያ እማማ ዘሀራ ተነስታ መካከል ገባች።

«እኔ ነኝ እዚያ ያስቀመጥኳት!» አለች። «ከሳቸው ወገብ ወስጄ፣ በዚህ ልጅ አጠገብ አልፌ። ሙሉ ነበረች። እንግዲህ ያልታረቀ ካለ ይናገር!»

ማን ይናገር። ትልቁ ልጇ ሄዶ ሀሰን ጎን ተቀመጠ። ያ እርቅ ይኸው እስከ ዛሬ አለ።

ሽጉጧን? ቀበሌ ወስጄ አስረከብኳት። በቅሎም አልገዛሁም፣ በእግሬ ነው የምሄድ። ትፈራለህ ወይ በሉኝ። እንዴታ! ቁጥቋጦው ሲንኮሻኮሽ ዛሬም ልቤ ይቆማል፣ ግን እሄዳለሁ። (ሳቁ) በየሽምግልናው በር ላይ ደግሞ እጄን ዘርግቼ፣ «መጀመሪያ እኔን ፈትሹኝ» እላለሁ፤ ጃጀ ይላሉ።

ጻፍሽው አንቺ? ፈራሁ ያልኩትንም?

«ጽፌዋለሁ፣ አባባ። ዝም ያሉበትንም።»